ከመሬት በታች፣ አንድ ተኩል

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከጉድጓዱ አፋፍ፣
መብራት ቤት ሠራሁኝ፣ ባትሪ ስደረድር፣ ስሞላ፣ ሳራግፍ።
ንጋት ላይ ወንዱ ሁሉ፣ ተሰልፎ መጥቶ፣
ቁጥሩን ይነግረኛል፤ ይወርዳል በሊፍቱ፣ መብራቱን ቆቡ ላይ ሰክቶ።
ማታ ስቀበለው፣ አምፖሉ ሲደክም፣
ስንት ቮልት እንደቀረው፣ በዓይኔ አውቃለሁ፣ መለኪያ አልጠይቅም።

ጉድጓዱ ተዘጋ። ሲሚንቶ ሞሉበት።
ኦስትራቫ ዝም አለች። ለኔ የደረሰኝ አንድ ካርቶን ነበር፤
ከከሰሉ ሚዛን የተነቀለች ስክሪን ያለችበት።
ሁለት መስመር ብቻ፤ በየመስመሩ ላይ፣ ዐሥራ ስድስት ፊደል፤
ፊቷ አረንጓዴ፣ እንቁራሪት ያጣ፣ የረጋ ኩሬ የሚመስል።

ጎረቤቴ ቭላስቲሚል፣ ሊሞት ሲል ቁልፉን ሰጠኝ፣
«እርግቦቼን አደራ፤ ዝዴንካ፣ ሰዓታቸውን መዝግቢ» አለኝ።
ቅዳሜ በማለዳ፣ ከሊንዝ ይለቀቃሉ፤
የመጀመሪያዋ በሯን ገፍታ ስትገባ፣ ሰከንዱን ያዢ ይላሉ።
ጣሪያው ላይ መብራት የለም፤ ሁለት ባትሪ ብቻ፣ ሦስት ቮልት ጠቅላላ፤
ስክሪኗ አሮጊት ናት፣ አምስት የለመደች፤ በሦስት ሆዷ አይሞላ።

ቺፑን ጻፍ አልኩት፤ ጻፈ።
ሽቦ በሽቦ ለካሁ፤ ቃሉ ደርሷታል፤
ፊቷ ግን ባዶ፤ ኩሬው ኩሬ ሆኖ ቀርቷል።
አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ ከመስኮቱ ብርሃን ትይዩ፣ ከጎን ሳይ፣
አመድ የመሰለ ጥላ! ፊደሉ አለ፤ ግን አይታይ።

የእህቴ ልጅ ፕርዜሚስል፣ ብርኖ ዩኒቨርሲቲ የሚማር፣
«አክስቴ፣ በሦስት የምትሠራ አዲስ አለች፤ በዳቦ ዋጋ፤ ምን ያስቸግር?»
እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ፣ የደከመ ያነቃሁ፣
አሮጌ ጥዬ አላውቅም። መበየጃዬን አሞቅሁ።

ሦስተኛ እግሯ ላይ ነው፣ የጥቁረቷ ቋጠሮ፤
እስከ መሬት አወረድኳት፤ መሬት፣ ለኛ ለበያጆች፣ ማለት ነው ዜሮ።
ከሦስት እስከ ዜሮ፣ ሦስት ብቻ ነው ቁልቁለቱ፤
የሷ ግን አራት ተኩል ነው ጥማቱ።
የጎደለው አንድ ተኩል፣ ከላይ አይገኝም፤ ባትሪው እሱው ነው፣ አልቋል።
ታዲያ የት? ብቻዬን ሳቅሁ።
ከመሬት በታች ነዋ! ሠፈሬ ሁሉ እዚያ ወርዷል።

ሁለት ዳዮድ፣ ሁለት ካፓሲተር፤ ጥፍር የምታህል ጉድጓድ ቆፈርኩ፤
የቺፑን አንድ እግር፣ በሰከንድ ሺህ ጊዜ፣ ውጣ ውረድ እያልኩ።
ሽቅብ ሲል አንዱ በር ተከፍቶ፣ ጭነቱን መሬት ላይ ይደፋል፤
ቁልቁል ሲል ያ ይዘጋና፣ ሌላው ተከፍቶ፣ ከሥር ይቀዳል።
እንዲሁ ነበር ውኃውን የምናወጣው፤
ፓምፑ ለአፍታ ከቆመ፣ ጉድጓዱ ይሞላል።

መልቲሜትሩ ጫፉን ነካ። ከቁጥሩ ፊት ትንሽ ሰረዝ፤
አንድ ነጥብ አምስት፣ ከዜሮ ወዲያ ማዶ።
ቀና ብዬ አየሁ፤ አልነበረም ባዶ፤
መጀመሪያ አመድ፣ ቀጥሎ እርሳስ፣
ቀጥሎ ከሰል።
«እጠብቃለሁ» ይላል፣ በቼክኛ፤
ለሙከራ ብዬ የዛሬ ሳምንት የጻፍኩት ቃል።
ከፊደሎቹ ራስ ላይ ግን ቆቡ የለም፤
ይህች ስክሪን የኛን ቆብ አታውቅም፤
ባዶ ራሱን ቆሟል፣ ከፈረቃ እንደወጣ ሰው።

ቅዳሜ ዝናብ ነበር። ጣሪያው ላይ ብርድ ሲበረታ፣
ፊደሉ ሳሳ፤ በጣቴ ብሎኗን፣ ትንሽ ወደ ታች፣ ትንሽ፣ ለአፍታ።
አምስቱ ገቡ። የቭላስቲሚል ግራጫዋ ቀረች።
የአንደኛዋን ሰዓት ላይኛው መስመር ላይ ጻፍኩ፤
ሁለተኛውን አልነካሁም።
ባትሪው፣ በዓይኔ ስለካው፣
እስከ መስከረም ይቆያል።